አፀደ፣ በየትኛው ጸ?

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ዛሬ «የሰልፍ ጅራት» በሉኝ። በዋንዛ በር ከተማ በዚያ ግንቦት የቆመውን ሰልፍ ያየ ሰው ሌላውን ሰልፍ ብሎ አይጠራውም። የሰልፉ ራስ ድምፁን ሲሰጥ ጅራቱ ገና ጡት ይጠባ ነበር። ከኋላዬ የቆመው ሰው ሲመጣ ጎረምሳ ነበር፤ መርጦ ሲወጣ ሽበቱን አየሁት። ዋሸህ የሚለኝ ካለ ምስክር ያምጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለከተማዋ ማዋለጃ ቤት ሊሠራላት ተፈቀደ። ከወንዙ ወዲህ ይሠራ ወይስ ከወንዙ ወዲያ? ሕዝቡ አልተስማማም፤ ድምፅ ይሰጥበት ተባለ። ከወንዙ ወዲያ መንገድ አለ፣ ገበያ አለ። ከወንዙ ወዲህ ያለው ነፍሰ ጡሩ ነው። ወንዙ ደግሞ ሐምሌ ሲገባ በሬ ከነቀንበሩ ይወስዳል። አምና በሐምሌ ፈለቀች የምትባል ልጅ ምጥ ይዟት በቃሬዛ አወጧት፤ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ሲጠብቁ እዚያው ቀረች። እጇን ይዛ የነበረችው እማማ አፀደ ናት።

እማማ አፀደ የሰፈሩ የልምድ አዋላጅ ናት። እኔ እኩያዋ ስለሆንኩ አንቱ አልላትም፤ ከእሷ የሚያንሰው ሰው ግን ይላታል። በዚያ ቀን የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት ወረቀት አንድ ሣጥን ውስጥ መክተት። ሣጥኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይታሸጋል። እሷ ከጠረጴዛው ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ፀሐይ ከትልቁ ዋንዛ በላይ ናት።

የጣቢያው ሹም ልሳኑ ይባላል። መታወቂያዋን ተቀበለ። መዝገቡን አየ። መታወቂያውን አየ። መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ።

«እማማ፣ ስምዎ በየትኛው ጸ ነው የሚጻፈው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? አፀደ ብለው ጠሩኝ፣ አቤት አልኩ።»

«መዝገቡ ላይ ያለው ፀሐዩ ፀ ነው። መታወቂያዎ ላይ ያለው ጸሎቱ ጸ ነው። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ሁለት ሰው ነዎት።»

«ሁለት ሰው ከሆንኩማ ሁለት ወረቀት ስጠኝ።»

ሰልፉ ሳቀ። ልሳኑ አልሳቀም። ልሳኑን ክፉ ሰው እንዳታደርጉት። ባለፈው ምርጫ ባሻ ድንበሩ ሁለት ጊዜ መርጧል፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከምሳ በኋላ። ባሻ ድንበሩ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር። የዚያን ጊዜው ሹም እስከዛሬ ሥራ ፈት ነው።

«ዛሬ አንድ ፊደል ካሳለፍኩ ነገ አንድ ሬሳ አሳልፋለሁ» አለ ልሳኑ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እውነቱን ነው» አለ ከሰልፉ አንዱ። «መታወቂያ ካልተጠየቀ ሙት ይመርጣል።»

«ከተጠየቀ ደግሞ ሕያው ይቀራል» አለች ቅርጫት የያዘች ሴት። «አንተ ቤትህ ስትገባ እናትህን መታወቂያ ትጠይቃታለህ?»

«እናቴን አውቃታለሁ። የማላውቀው አንቺን ነው።»

ክርክሩ እንደጦፈ እማማ አፀደ ቀጥ ብላ ሣጥኑን አየችው። ሣጥኑም አያት። ሣጥኑ፣ ያለ ወረቀት አልውጥም አለ። ወረቀቱ፣ ያለ መታወቂያ አልሰጥም አለ። እሷም ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ቀበሌ ተነሣች።

ከጣቢያው እስከ ቀበሌ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ በእሷ ጉልበት ግን ሁለት አውራጃ ነው። መታወቂያ የምትሠራው ዘርፌ ናት። የዘርፌ ሆድ ከዘርፌ ቀድሞ ነው ቢሮ የሚገባው።

«ዘርፌ፣ ይቺን ጸ አርሚልኝ። ፀሐይ ያለባትን አድርጊልኝ።»

«ማረሙ አያቅተኝም እማማ። ያለ ማኅተም ያረምኩትን ግን ልሳኑ ይቀበለኛል? ማኅተሙ ጋሽ ገበየሁ ጋ ነው።»

እማማ አፀደ መዳፏን የልጅቱ ሆድ ላይ አሳረፈች። «ስንት ሆነሽ?»

«ሰባት ወር አልፎኛል።»

በጣቷ ቆጠረች። «ሐምሌ» አለች። ወንዙ በመስኮቱ ይሰማል።

ሣጥኑ፣ ያለ ወረቀት አልውጥም አለ። ወረቀቱ፣ ያለ መታወቂያ አልሰጥም አለ። መታወቂያው፣ ያለ ማኅተም አልታረምም አለ። ፀሐይ የዋንዛው አናት ላይ አረፈች።

ጋሽ ገበየሁ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው። ማኅተሙን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚተኛው። ጠዋት ጠዋት የሚስቱ ጉንጭ ላይ «ዋንዛ በር ቀበሌ» የሚል ክብ ይነበባል፤ ይህን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቀኑም ሳይቀር ነበረው።

«ገበየሁ፣ በዚያ በአንገትህ ነገር አንዴ ምታልኝ።»

«እማማ፣ እኔ እርስዎን አጣሁዎት? ግን ማኅተም ደብዳቤ ላይ ነው የሚያርፈው። ከእድሩ ደብዳቤ ያምጡልኝ፣ እመታለሁ።»

«ሰዓቱን አየኸው?»

«አየሁት። ደብዳቤውን ግን አላየሁትም።»

ሣጥኑ፣ ያለ ወረቀት አልውጥም አለ። ወረቀቱ፣ ያለ መታወቂያ አልሰጥም አለ። መታወቂያው፣ ያለ ማኅተም አልታረምም አለ። ማኅተሙ፣ ያለ ደብዳቤ አልመታም አለ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ።

የእድሩ ዳኛ ታፈሰ አርባ ዓመት ጎረቤቷ ነው። አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘችው።

«አፀደ፣ ምነው እንደ ሙሽራ አጃቢ ትሮጫለሽ?»

«ደብዳቤ ጻፍልኝ። አፀደ ማለት ይቺው አፀደ ናት ብለህ።»

«እጽፋለሁ እንጂ።» ፎርሙን አወጣ፣ ብዕሩን ምራቅ አስነካ፣ ከዚያ ቆመ። «ምስክር የሚል መስመር አለው።»

«አንተ እያለህ?»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ራሱ ምስክር ከሆነ ነገ ባሻ ድንበሩ የጻፈውም ደብዳቤ ይመጣል። ባይሆን ፀጉር አስተካካዩን ስንታየሁን ይዘሽ ነይ።»

ሣጥኑ፣ ያለ ወረቀት አልውጥም አለ። ወረቀቱ፣ ያለ መታወቂያ አልሰጥም አለ። መታወቂያው፣ ያለ ማኅተም አልታረምም አለ። ማኅተሙ፣ ያለ ደብዳቤ አልመታም አለ። ደብዳቤው፣ ያለ ምስክር አልጻፍም አለ። ፀሐይ የዋንዛው ወገብ ላይ ደረሰች።

ስንታየሁ አንድ ደንበኛ እየላጨ ነበር፤ ግማሹ ጺም ወርዷል፣ ግማሹ አለ።

«ለእርስዎማ በእሳት ላይ ቆሜ እመሰክራለሁ» አለ። «ግን ዘንድሮ ምስክሩም የልደት ካርድ ያሳይ ተብሏል። የእኔ ደግሞ ሳልወስደው ከነመዝገቡ መንገሻ ጋ ነው።» ምላጩን አስቀመጠ። «ኑ፣ እንሂድ።»

«እኔስ?» አለ ደንበኛው፣ ግማሽ ጺሙን ይዞ።

«አንተም ና። ወይም ግማሽህን ይዘህ ቆይ።»

ሦስቱም ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ። መንገሻ ቀጭን ሰው ነው፤ ከብዙ መዝገብ ጋር ስለኖረ ራሱም ገጽ መስሏል። ስንታየሁ ካርዱን ሲጠይቀው ትልቁን መዝገብ ደረቱ ላይ አቀፈ።

«ካርዱ ከመዝገቡ ነው የሚወጣው። መዝገቡን የምገልጠው ያዋለደችው ሴት ቀርባ ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› ስትል ነው። እናትህን ማን አዋለዳት?»

«እማማ አፀደ።»

«ይቅረቡ።»

«ቀርበዋል። እኚሁ አጠገብህ።»

መንገሻ አያት፤ ዓይኑን ሰበረ። «መታወቂያ ይኑርዎት እማማ። የተስተካከለ።»

ባለ ግማሽ ጺሙ ሰውዬ እንኳ እጁን ከአገጩ አወረደ።

ሣጥኑ፣ ያለ ወረቀት አልውጥም አለ። ወረቀቱ፣ ያለ መታወቂያ አልሰጥም አለ። መታወቂያው፣ ያለ ማኅተም አልታረምም አለ። ማኅተሙ፣ ያለ ደብዳቤ አልመታም አለ። ደብዳቤው፣ ያለ ምስክር አልጻፍም አለ። ምስክሩ፣ ያለ ካርድ አልቆምም አለ። ካርዱ፣ ያለ መዝገብ አልወጣም አለ። መዝገቡ፣ ያለ አዋላጅ አልገለጥም አለ። አዋላጇስ? አዋላጇ ያለ መታወቂያ አዋላጅ አይደለችም ተባለ። ፀሐይ የዋንዛው እግር ሥር ወረደች። ለአሥራ ሁለት ሃያ ደቂቃ ቀረ።

እማማ አፀደ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ ጠጠሩን አራገፈች። ከዚያ ረጋ ብላ ተናገረች።

«እሺ። እኔ አፀደ አይደለሁም፤ ተስማማሁ። መንገሻ፣ አንተ ከሆድ በእግርህ ነው የወጣኸው፤ እናትህ ሁለት ቀን ሙሉ ክንዴን ይዛ አምጣለች። ያ ክንድ የማንም ካልሆነ አንተ አልተወለድክም። ስንታየሁም አልተወለደም። ታፈሰ አራት ልጅ አለኝ ይላል፤ አንድም የለውም። ገበየሁ ማኅተሙን ያንጠለጠለው በሌለ አንገት ነው። ልሳኑም ሳይወለድ ሰው ይመልሳል። ከጠዋት ጀምሮ የመረጠው በሙሉ ያልተወለደ ነው። ታዲያ ባሻ ድንበሩ ብቻውን ምን አጠፋ? እሱ እንኳ አንዴ ተወልዶ ነበር።»

የመንገሻ ፊት ወረቀት ሆነ። ሰው መወለዱን ሲጠራጠር ደንብ አይታየውም፤ መዝገቡን ገለጠና የራሱን ስም ፈለገ። አገኘው። ከስሙ ጎን «አዋላጅ» በሚለው ሥር ፊደል የለም፤ ጸም የለም ፀም የለም። የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከመሃሉ አግድም የተሰነጠቀ፣ ምላጭ ስቶ የቆረጠው ጣት። ገጹን ገለበጠ፤ ያው አሻራ። ገለበጠ፤ ያው። ስንታየሁ፤ ያው። ገበየሁ፤ ያው። ልሳኑ፤ ያው።

«አውራ ጣትዎን ያሳዩኝ» አለ።

«እትብት ስቆርጥ ነው» አለች እማማ አፀደ፣ ጣቷን ዘርግታ። «የአንተን ይሁን የማንን እንጃ።»

ቀለም አስነካት። ወረቀት ላይ ጫነችው። ከመዝገቡ ጎን አስጠጋው። ስንጥቁ ከስንጥቁ ገጠመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሩጫ እንዴት ልንገራችሁ። አዋላጇ ታወቀች፤ መዝገቡ ተገለጠ። መዝገቡ ተገለጠ፤ ካርዱ ወጣ። ካርዱ ወጣ፤ ምስክሩ ቆመ። ስንታየሁ እማማ አፀደን አዝሏት ይሮጣል፣ መንገሻ መዝገቡን አቅፎ ይሮጣል፣ ባለ ግማሽ ጺሙ ጫማዋን ይዞ ይሮጣል። ምስክሩ ቆመ፤ ደብዳቤው ተጻፈ። ታፈሰ መንገድ ላይ፣ የስንታየሁ ጀርባ ስለተያዘ በመንገሻ ጀርባ ላይ አስደግፎ ነው የጻፈው። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ማኅተሙ መታ። ቀለሙ ደርቆ ነበር፤ ገበየሁ ሁለቴ ሃ ሃ ብሎ ተነፈሰበት። ማኅተሙ መታ፤ መታወቂያው ታረመ። ዘርፌ ጸሎቱን ጸ ሰረዘች፣ ፀሐዩን ፀ አስገባች፣ ሆዷን ይዛ እሷም ከኋላ ተከተለች።

ጣቢያው ሲደርሱ ልሳኑ አንድ እጁን በሩ ላይ፣ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር በሩን በጣም በዝግታ ነበር የሚስበው፤ እንደዚያ በዝግታ የተሳበ በር አላየሁም።

«መታወቂያ» አለ።

ሰጠችው። መዝገቡን አየ። መታወቂያውን አየ። መንገሻ ደግሞ ትልቁን መዝገብ ገልጦ አፍንጫው ሥር ዘረጋለት። ልሳኑ የራሱን ስም አነበበ፤ ከጎኑ ያለውን አሻራ አየ፤ የእማማ አፀደን ጣት አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ ወረቀቱን ሰጣት።

መታወቂያው ታረመ፤ ወረቀቱ ተሰጠ። ወረቀቱ ተሰጠ፤ ሣጥኑ ዋጠ። ፀሐይዋ ሳትገባ ፀሐዩ ፀ ገባ።

ድምፁ ሲቆጠር ማዋለጃ ቤቱ ከወንዙ ወዲህ እንዲሠራ ተወሰነ። በስንት በለጠ በሉኝ። በአንድ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዋንዛ በር «ያቺ አንዷ የእኔ ናት» የማይል ሰው የለም። ባለ ግማሽ ጺሙም ይላል፤ እስከዛሬ ድረስ ሌላውን ግማሽ አልተላጨውም። የማትለው እማማ አፀደ ብቻ ናት። የቱን መረጥሽ ብትሏት «ሣጥኑን ጠይቁ» ነው መልሷ።

ቤቱ እስኪሠራ ሐምሌ አልጠበቀም፤ ግን የሚቆመው ወዲህ መሆኑ ከተወሰነ በኋላ ለቤቱ የተመደበችው ነርስ ከወንዙ ወዲያ ዕቃዋን ጠቅልላ ወዲህ ተሻገረች፣ በድንኳንም ጀመረች። ወንዙ ሞልቶ ባገሳበት ቀን ዘርፌ እዚያ ድንኳን ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። ከነርሷ ጎን የቆመችው ማን እንደሆነች አልነግራችሁም። መንገሻ መዝገቡን ይዞ መጣ።

«ስሟን ማን ልበል?»

«አፀደ» አለች ዘርፌ።

መንገሻ ብዕሩን አነሣ፤ ቆመ። ቀና አለ። «በየትኛው...»

እማማ አፀደ አላስጨረሰችውም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ገጹ ላይ ጫነችው።

ተረቴን መልሱ፣ ከጣቴ ላይ ቀለሙን አብሱ።