የተከሰሰችው የስንቅ በቅሎ

ቀኑንና የቦታውን ስም ስለረሳሁ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። የአንድ ጦር ስንቅ ክፍል ጥይትና ብስኩት የሚያመላልሰው በበቅሎ ነበር። አንድ ቀን ድንገት ተኩስ ተከፈተና ጦሩ ተበተነ። በማግስቱ የጦሩ አዛዥ ኮሎኔል አጥናፍሰገድ አንዲትን በቅሎ ከነነጂዋ ጦር ፍርድ ቤት አቆሙ።

«ይህቺ ከሃዲ የጫነችውን ብስኩት ይዛ ወደ ኋላ ሸሽታለች! እሷ ትረሸን፣ አንተ ትታሰራለህ! የምትለው አለህ?» አሉት።

ነጂው ሰላምታ ሰጠ።

«ጌታዬ፣ የስንቅ ክፍል ደንብ አዛዡ በሄደበት መከተል ነው። በቅሎዬ ከርስዎ ኋላ ዝንፍ አላለችም፤ ሸክም ስለነበረባት ነው እንጂ ትደርስብዎት ነበር።»

ዳኞቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ሁለቱንም በነጻ ለቀቁ።

ስለ በቅሎዋ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በመስቀል ማግስት ነው፤ አሥር አለቃ ሆናለች አሉኝ።