ያልዘገየ መርዶ

አንድ ወጣት አባት ሴት ልጁ ሞተችበት። ሶልያና ትባል ነበር፤ አራተኛ ዓመቷን አልደፈነችም።

የአባትየው ስም ይትባረክ ነው። የሚስቱ ወንድም ጌዴዎን ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። በቀብሩ ማግስት፣ ለሠልስቱ የልጅቱ ፎቶ ታጥቦ ድንኳን ውስጥ ይሰቀል ተባለ። ፎቶዋ ያለበት የቤቱ ኮምፒውተር ግን አልከፍት ካለ ሰንብቷል። ጌዴዎን "እኔ አለሁ" ብሎ ጓዳ ገባና አዲስ ሲስተም ይጭንበት ጀመር።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ዲስኮች ነበሩ። አንደኛው ማሽኑ የሚነሣበት ነው። ሁለተኛው ላይ ሶልያና ነበረች፤ ስትስቅ፣ ስትዘፍን፣ ከአባቷ ጋር ስትከራከር። ዲስኮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በመጠንም አይለያዩም። ጌዴዎን ብዙ ማሽን የሚያክም ሰው ነውና እጁ ከዓይኑ ይቀድማል። አዲሱ ሲስተም እንዲጫንበት የሚደመሰሰውን ዲስክ ሲመርጥ አንድ ለቅሶ ደራሽ በበሩ ብቅ አለ። ጌዴዎን ሰላም ሊለው ቀና አለ፤ ቀና እንዳለም ሳያይ ቁልፉን ተጫነ።

ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሣ። ቤተ ዘመዱ መረቀው። ይትባረክም ከፍራሹ ተነሥቶ መጣና "እግዜር ይስጥህ፣ ጌዴ" ብሎ ትከሻውን ያዘው። ጌዴዎን ፎቶዋን ሊያወጣ ሌላውን ዲስክ ሲከፍት አሮጌውን ሲስተም አገኘ። የት ላይ እንደ ጫነ ያን ጊዜ ገባው። ለማንም ሳይናገር ወደ ግቢ ወጣ።

ድንኳኑ ጥግ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ንጋቱ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጢጥ አለና ነገራቸው።

"ሌላ ቦታ አልተቀመጠም?" አሉት።

"የለም፣ ጋሼ።"

"በል ዝም በል። የሰውየው ዕንባ ገና አልደረቀም፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አታድርግበት። መርዶ ጊዜ አለው። በሩቅ አገር ለሞተ ሰው እንኳ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። አርባዋ ይውጣ፤ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።"

"እስከዚያ ኮምፒውተሩን ምን ልበል?"

"ተመልሶ ተበላሸ በለው። አንተ ባለሙያ፣ እሱ ሐዘንተኛ። ማን ይመረምርሃል?"

ምክሩ ጣፈጠው። ተመርቆ ይቀራል፤ የሚጠይቀው የለም። ወዲያው ግን ከመስኮቱ የይትባረክን ድምፅ ሰማ። "ስልካችሁ ላይ ያላችሁን ፎቶ ሁሉ አምጡ፤ አንድ ላይ ላጠራቅመው" ይላል።

ጌዴዎን ከሙያው የሚያውቀው ነገር አለ። ዲስክ ተደመሰሰ ሲባል ቀድሞ የሚጠፋው ማውጫው፣ ምን የት እንዳለ የሚጠቁመው ዝርዝር ነው። የነበረው ነገር ሌላ እስኪሰፍርበት ድረስ ከሥር ይቆያል። አዲሱ ሲስተም የሸፈነው ጥቂቱን ነው። አሁን ግን የአክስቶችና የአጎቶች ስልክ በሙሉ በሶልያና ላይ ሊገለበጥ ነው።

ተነሣ።

"ወዴት ነው?" አሉት ጋሽ ንጋቱ።

"ልነግረው።"

"ልጁን ቀብሮ ለተመለሰ ሰው? ለቀባሪው አረዱት ሲባል አልሰማህም?"

"ይህችኛዋ ገና አልተቀበረችም፣ ጋሼ። አሁን እየቀበርናት ነው።"

"ተበላሸ በለው አልኩህ እኮ።"

"ዛሬ ብዋሸው ነገ ሌላ ሠሪ ይጠራበታል። ደግሞ ልጅቱ የእሱ ናት።"

ገባ። ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ይትባረክ የመጀመሪያውን ስልክ ሰክቶ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል።

"ይትባረክ፣ እጅህን አንሣ።"

"ምን ሆንክ?"

"ሲስተሙን የጫንኩት ሶልያና ያለችበት ዲስክ ላይ ነው። ተሳስቼ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

አንዲት አክስት "አሁን ይሄ በዚህ ቤት ይወራል?" ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ይትባረክ ወደ አማቹ ዞረ።

"ሁሉም ሄደ?"

"ሁሉም አልሄደም። ከእንግዲህ የሚጻፍበት ግን ይወስዳታል።"

"ምን ላድርግ?"

"ምንም። ማንም አይንካው።"

ልጁ ካረፈች ወዲህ ሰው ሁሉ ይትባረክን ብላ፣ ጠጣ፣ ጋደም በል፣ በርታ ይለው ነበር። ምንም አታድርግ ያለው አልነበረም። እጁን ሰብስቦ ሶኬቱን ራሱ ነቀለው።

ጌዴዎን ዲስኩን ፈትቶ ወደ ሱቁ ወሰደ። አንዳች ሳይጽፍበት ሙሉ ቅጂውን በሌላ ዲስክ ላይ አነሣ፤ ፍለጋውን በቅጂው ላይ አደረገ። እንደ ልማዱ አልቸኮለም። አርባዋ ሳይደርስ ያገኘውን ይዞ መጣ።

"የልደቷ ቪዲዮ የለም፤ እላዩ ላይ ተጽፎበታል" አለ፣ ከሁሉ አስቀድሞ። "የቀረው አብዛኛው ተገኝቷል። ስማቸው ግን ጠፍቷል፤ በቁጥር ብቻ ነው የወጡት።"

አንዱን ከፈተው። ሶልያና አልጋ ላይ ቆማ "እኔ አልተኛም፣ አንተ ተኛ" ትላለች። እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። ሊጠይቁ የመጡት ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አርባዋ ይውጣ ብዬህ ነበር" አሉት ጌዴዎንን፣ ዝግ ብለው።

"ብለውኝ ነበር።"

"እንኳን አልሰማኸኝ።"

የሞተን ሰው መርዶ ማዘግየት ደግነት ነው፤ ሟቹ ስለ ዘገየ ዳግመኛ አይሞትምና። በገዛ እጃችን ያጠፋነውን ግን የምናዘገየው ለራሳችን ስንል ነው። ጥፋት በተሠራበት ሰዓት ከሥሩ ገና ብዙ የሚተርፍ አለ። ዝምታ ስንጭንበት፣ በዝምታው ላይ ደግሞ ውሸት ስንጭን፣ የሚተርፈው እያለቀ ይሄዳል። ዲስክ ማዳን ብዙ ባለሙያ ይችላል። ምርቃቱን ገና ሳይጨርሱለት "እኔ ነኝ" ያለውን ሰው ግን ላደንቀው እወዳለሁ። እናንተስ "እስኪረጋጋ" እያላችሁ ያቆያችሁት ነገር ካለ፣ ከሥሩ ምን በሕይወት ይኖር ይሆን?

ጌዴዎን ቪዲዮዎቹን ባመጣ ቀን፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ይትባረክ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። በመጀመሪያው ፋይል ላይ ያለውን ቁጥር አጠፋና "ሶልያና እንቅልፍ እምቢ ስትል" ብሎ ስም ሰጠው።