የማይደርቀው ጤዛ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ከብዶ ወንዞቹ ሁሉ በደረቁበት ወራት፣ ከተራራው ግርጌ ካለው ረግረግ በቀር የሚጠጣ ውሃ ጠፋ። እንስሳት ሁሉ ወደዚያው ወረዱ። ረግረጉ ግን ትንኝ በትንኝ ነበር። ጎንበስ ያለውን ሁሉ ዓይኑንና አፍንጫውን ይወርሩታል። ከሁሉም የባሰባት አህያ ነበረች፤ ዓይኖቿ አብጠው እያለቀሰች ነበር የምትጠጣው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እመት ቀበሮ ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ አህያን ከረግረጉ ማዶ አየቻት። ሣሩ ቀጭጮ ከቀረበት ጥግ ቆማ፣ ረጋ ብላ ትጠጣለች።

«አህይትዬ፣ ዛሬ ምን ተገኘ? ጅራትሽ እንኳ አይወናጨፍም» አለቻት።

«እኔ እንጃ እትዬ ቀበሮ። እዚህ ጋ ትንኝ የለም። ለምን እንደሌለ አላውቅም፤ ብቻ ተመስገን ነው።»

አህያ ይህን ብላ መጠጣቷን ቀጠለች። ቀበሮ ግን ነገሩን እንዲሁ መተው አልሆነላትም። ምክንያቱን ያላወቀችው ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። አፍንጫዋን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ ዳር ዳሩን ስታስስ፣ ጭቃው ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ቀያይ ቅጠሎች አየች። ቅጠሎቹ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቀያይ ዘንጎች ተሸፍነዋል፤ በያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ላይ አንዲት የጠራች ጠብታ ታበራለች።

«ጤዛ!» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ፀሐይን አየች። ፀሐይ አናት ላይ ናት። የቄጠማው ጤዛ ከረፋዱ በፊት ደርቆ አልቋል። «ታዲያ ይሄኛው ማንን ተማምኖ ቀረ?»

አንዷን ጠብታ በአፍንጫዋ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ጠብታዋ እንደ ሙጫ ተጣብቃ እንደ ክር ተሳበች። ቀበሮ አስነጠሳት፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ተቀመጠችና መጠበቅ ጀመረች።

ብዙም ሳትቆይ አንዲት ትንኝ ጠብታው ማር መስሏት መጥታ አረፈች። አንድ እግሯ ተያዘ። እሱን ለማላቀቅ ስትፍጨረጨር ሌሎቹም ተያዙ። ከዚያ እነዚያ ቀያይ ዘንጎች አንድ ባንድ፣ ቀስ እያሉ፣ ወደ ትንኟ ይጎነበሱ ጀመር። ቀበሮ የራሷ ጥላ ረዝሞ ጭቃው ላይ እስኪተኛ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። በመጨረሻ ቅጠሏ እንደ መዳፍ ተጨብጣ ትንኟን ውጣ አስቀረቻት።

«ትበላለች! ቅጠል ሆና ሥጋ ትበላለች!» ብላ ዘለለች።

ይህን ጉድ ለብቻዋ ይዛ መሄድ አልቻለችም። መንገድ ላይ ያገኘችው ደግሞ አያ ጅቦን ነበር። ያየችውን ሁሉ ዘረገፈችለት።

«እግር አላት?» አለ ጅብ።

«የላትም።»

«ጥርስስ?»

«እሱም የላትም።»

«ሳትሮጥ፣ ሳትናከስ፣ ተኝታ ሥጋ ትበላለች ነው የምትዪኝ?»

«ነው እንጂ!»

«አይ የኔ ነገር!» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ሌሊቱን ሙሉ ስኳትን የማድረው ለካ ሞኝ ሆኜ ነው።» ይህን ብሎ እየሮጠ ሄደ። ቀበሮ ሳቀችበት፤ ወደ ጉድጓዷም ገባች።

በማግስቱ ወደ ረግረጉ ስትወርድ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። የዚያ ጥግ ጭቃ ተገለባብጧል፤ ቀያዮቹ ቅጠሎች በሙሉ ተነቅለዋል። ትንኙ ጥጉን ወርሶታል። አህያ ከውሃው ራቅ ብላ ቆማለች፤ ዓይኖቿ ሙሉ በሙሉ ተከድነዋል።

«እትዬ ቀበሮ፣ አንቺ ነሽ? ኮቴሽን ነው የሰማሁት፤ አላይሽም። ውሃው ጋ ስደርስ ትንኞቹ ያቃጥሉኛል፤ ሳልጠጣ ተመለስኩ።»

አህያ ውሃ ካልጠጣች እንደምትሞት ቀበሮ ታውቃለች፤ ለጅብ ያወራችውም እሷው ናት። የጅብን ዱካ ተከትላ ሮጠች።

ጅብ ቅጠሎቹን ደጃፉ ላይ ተክሎ፣ ከኋላቸው አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ከጠብታው ከንፈሩን ስለተቀባ ዝንብ ሁሉ አገጩ ላይ ተለጥፏል።

«ዝም በይ!» አለ በሹክሹክታ። «ፍየል ሊያጠምዱልኝ ነው።»

ቀበሮ ቅጠሎቹን ጠጋ ብላ አየች። ጠብታዎቹ ደርቀዋል፤ ጠርዛቸውም መጥቆር ጀምሯል።

«ምን አድርገሃቸው ነው አያ ጅቦ?»

«ምን ያላደረግሁት አለ? ከአገር የወፈረ አፈር መርጬ፣ ፍግ ጨምሬ፣ ደም አፍስሼ፣ የአጥንት ፍርፋሪ ሳይቀር አልብሼአቸዋለሁ። እነሱ ግን ውለታ አያውቁም!»

ቀበሮ አፈሩን አሸተተች። ከብዶ ይሸታል። የረግረጉ ጭቃ እንዲህ አልነበረም፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ሣር እንኳ በቅጡ የማያበቅል ችጋራም ነበር። ነገሩ ያን ጊዜ በራላት። እነዚህ ቅጠሎች ከመሬት ያጡትን ከአየር እየቀለቡ የሚኖሩ ናቸው፤ ውሃውም ድህነቱም ቤታቸው ነው። ይህን ለጅብ ብትነግረው ግን እንደማይገባው ታውቃለች።

«አያ ጅቦ፣ ጠግበው እኮ ነው» አለችው። «የጠገበ ያድናል እንዴ?»

ጅብ አሰበ። «ጠግቤ ስለማላውቅ መልሱን አላውቀውም» አለ።

«አያድንም! ወደ ራብ አገራቸው ቶሎ መልሳቸው። ሲርባቸው ታያለህ።»

ጅብ ያመነው እየሮጠ ነው። ቅጠሎቹን ከነሥራቸው በአፉ ይዞ ረግረጉ ውስጥ ገባ፤ ቀበሮ ዳር ሆና እያሳየችው አንድ ባንድ መልሶ ተከላቸው። የመጨረሻዋን ተክሎ «ፍየሉስ?» ብሎ ሊዞር ሲል እግሮቹ እንቢ አሉት። በታገለ ቁጥር ይሰምጣል። ጭቃው ሆዱን ያዘው፤ ትንኙም ዓይኑ ላይ ሰፈረ።

«ኧረ ቀበሮ! ኧረ በላዔ ሰብ ጭቃ!»

ቀበሮ ትታው ልትሄድ ትችል ነበር። ዓይኗ ግን ትላንት ያየቻት ትንኝ ላይ እንደነበረው ሁሉ አሁንም ከሚፍጨረጨረው ላይ አልነቀል አለ፤ በዚህኛው ግን ሆዷ ባባ። ደረቅ ግንድ ጎትታ አጋደመችለት።

«አትታገል፤ ተኛበትና በሆድህ ተሳብ። በመጀመሪያ ግን ቃል ግባ፤ ከዚህ ጥግ እግርህን ታነሣለህ?»

«እግሬን ማንሣት አቅቶኝ አይደል የምለምንሽ!»

ጅብ እንደምንም ተስቦ ወጣ፤ ወደ ኋላም ሳያይ ሸመጠጠ።

ከቅጠሎቹ ገሚሱ ሞተ። የተረፉት ጠብታ እስኪያወጡ ድረስ ቀበሮ በየቀኑ አህያን ወደ ውሃው እየመራች፣ በጅራቷ ትንኙን እያባረረች አጠጣቻት። ከብዙ ቀን በኋላ አህያ ዓይኗ ተገለጠ። ከእግሯ ሥር አዲስ የበቀሉ ቀያይ ቅጠሎች በቀትር ፀሐይ ያበራሉ።

«እትዬ ቀበሮ፣ ምን ሰጥተሻቸው ነው የዳኑት?»

«ምንም» አለች ቀበሮ። «ምንም ስላልሰጠኋቸው ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለአንዱ ድሎት የሆነው ለሌላው ሞት ሊሆን ስለሚችል፣ ማንንም ከቦታው ከማንሣታችንና በራሳችን መንገድ ከመንከባከባችን በፊት አኗኗሩን ታግሠን ማየት እንዳለብን ነው።