ሟች ያልተገኘለት ለቅሶ

አንድ ሰፈር ነበረ፤ ሰው ያለ ምክንያት እንዳያለቅስ በብርቱ የሚጠበቅበት። ማልቀስ ክልክል ነው የሚል ሕግ አልወጣም። ብቻ የሚያለቅስ ሰው ከታየ «ማን ሞተብህ?» ይባላል፤ የሞተ ከሌለ ዕንባን መጥረግ ነው። ሬሳ ካለ ግን እንደ ልብ ነው። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ሦስት ቀን አብሮ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ የተስተካከለ ሥርዓት ያለው ሰፈር ብዙ አይገኝም።

በዚህ ሰፈር አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። የሦስት ዓመት ሴት ልጅና የሁለት ወር ወንድ ሕፃን አላት። ባሏ ደምለው ሸማኔ ነው፤ አይጠጣም፣ አይማታም። ሰፈሩ እንደሚያውቀው አንዲት ሴት ከዚህ በላይ የሚያስፈልጋት ነገር የለም። አንጓችም ይህን ታውቃለች፤ ግራ የገባትም ለዚህ ነው። ሕፃኑን ከወለደች ወዲህ ጠዋት ስትነሣ ሰውነቷ የራሷ አይመስላትም። ወተቱ ሲገነፍል ቁጭ ብላ ታየዋለች። ልጁ ሲያለቅስ ከወንዝ ማዶ የሚጮኽ የሰው ልጅ ይመስላታል። እህል አፈር አፈር ይላታል። «ምን ሆኜ ነው?» ትላለች።

አንድ ቀን ጨክና ለአማቷ ነገረቻት።

«እማዬ፣ ደህና አይደለሁም መሰለኝ። አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል።»

«ማን ሞተብሽ?»

«ማንም።»

«ባልሽ መታሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«በይ እንግዲያ እግዜርን አታስቆጪው! እኔ ሰባት ወልጄ አንድ ቀን ከፋኝ አላልኩም። ጊዜውስ መች ነበረኝ!»

አማቷ ይህን ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ጭሱ ነው አለች። ምድጃው ግን ገና አልተለኮሰም ነበር።

በማግስቱ ጡሩምባ ተነፋ፤ አንድ ሽማግሌ አርፈዋል። አንጓች ሕፃኑን አዝላ፣ ልጅቷን በእጇ ይዛ ለቅሶ ደረሰች። ገና ከድንኳኑ ገብታ ከመቀመጧ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሟቹን በሕይወታቸው አንድ ቀን አላየቻቸውም። ያም ሆኖ አለቃቀሷን ያዩ የሟቹ ልጆች አፍረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ምን ሆንሽ?» ያላት ሰው የለም። አንዲት ሴት ሕፃኑን ተቀበለቻት፤ ሌላዋ ለልጅቷ ንፍሮ ዘገነችላት። አንጓች ወደ ቤቷ ስትመለስ ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ለቅሶ አላመለጣትም። ሰፈሩ አደነቃት። «አቤት አንጀቷ! ለባዳ እንዲህ የሆነች ለዘመድ ምን ልትሆን ነው?» አሉ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ቢሆነኝ በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርተው «ከእሷ ተማሩ» ሲሉ መከሩ። በጠና የታመሙ ሰዎች እንኳ «ብሞትም አንጓች አለችልኝ» እያሉ ይጽናኑ ጀመር።

ከዚያ ክፉ ወር መጣ፤ ማንም አልሞተም። ሰፈሩ አመሰገነ። አንጓች ግን በየማለዳው ጆሮዋን አቁማ ጡሩምባውን ትጠብቃለች። ሁለት ሽማግሌዎች ሞት አፋፍ ላይ ደርሰው ነበር፤ ሁለቱም ዳኑ። ደስ ሊላት ይገባ እንደነበር ታውቃለች። ደስ አላላትም፤ ደስ ስላላላትም ራሷን ፈራች።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሕፃኑን ገንዳ ውስጥ እያጠበች በሐሳብ ሄደች። የት እንደሄደች አታውቅም። የመለሳት የልጅቷ ድምፅ ነው፤ «እማ! ውሃው በርዷል! ማሙሽ ይንቀጠቀጣል!»

የሕፃኑ ከንፈር ጠቁሯል። አፈፍ አድርጋ በጋቢ ጠቀለለችው፤ እስኪሞቀው ድረስ በደረቷ ይዛው ቆመች። «ነገ ባትጠራኝስ?» አለች ለራሷ። ከዚያ ሁለቱንም ልጆች ይዛ ወደ እማማ ደብሪቱ ቤት ሮጠች። እማማ ደብሪቱ የሰፈሩ አልቃሽ ናቸው፤ በየለቅሶው ግጥም እየገጠሙ ሰውን ማስለቀስ ሥራቸው ነው።

«እማማ፣ ዛሬ ማን ሞተ?»

«ማንም፣ ልጄ። ተመስገን ነው።»

«ታች ሰፈርስ?»

«እዚያም የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

እማማ ደብሪቱ ትክ ብለው አዩዋት። «ስሚ አንቺ። ሠላሳ ዓመት አስለቅሻለሁ። የሟች ለቅሶ ንፍሮ ሲቀርብ ጋብ ይላል። ያንቺ አይልም። የማንን ነው የምታለቅሺው?»

«አላውቅም። ግን ሰው እንዲሞት ተመኘሁ፣ እማማ። ጡሩምባው ሳይነፋ ሲቀር ከፋኝ። ዛሬ ደግሞ ልጄን…» መጨረስ አልቻለችም።

እማማ ደብሪቱ አልተቆጧትም። ነጠላቸውን አነሡ። «ነይ እንሂድ። ይህ የኔ ሙያ አይደለም፤ እኔ የማውቀው ለሞተ ሰው ነው» አሉ።

ጤና ጣቢያ ደረሱ። ሐኪሟ «እንደምን ነሽ?» ስትላት አንጓች በለመደ አፏ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«ውሸቷን ነው!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ደህና ሰው ነው ጎረቤቱ እንዲሞት የሚመኝ?»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ስለ እንቅልፏ ጠየቀቻት፤ ስለ ምግቧ፣ ስለ ልጆቹ፣ መሞት አምሯት ያውቅ እንደሆነም ጭምር። በመጨረሻ «ድብርት የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ ብዙ እናቶችን ይይዛል፤ ይታከማል። በየሳምንቱ ትመጫለሽ። እስከዚያ ከልጆቹ ጋር ብቻሽን አትዋይ» አለቻት።

«ክፋት አይደለም?»

«አይደለም።»

«ስንፍናስ?»

«እሱም አይደለም።»

አንጓች ይብሱን ግራ ገባት። ይህን ሁሉ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው ብላ ነበርና።

እማማ ደብሪቱ ከዚያ በቀጥታ አቶ ቢሆነኝ ቤት ሄዱ። «አንጓች ቤት የሚቀመጡ ሴቶች ያስፈልጉኛል» አሉ።

«ምነው! ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ደንባችን እኮ ሟች ይፈልጋል፣ እማማ።»

«ይፈልጋል? በሉ ጠብቁ። ትንሽ ከታገሣችሁ ይገኝላችኋል።»

አቶ ቢሆነኝ ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ፤ በመጨረሻም ፈቀዱ። ነገር ግን በቁም ላለ ሰው እንዴት እንደሚቀመጡለት የሚያውቅ ስላልነበረ የሚያውቁትን አደረጉ። አንጓች ደጅ ድንኳን ተከሉ፤ ንፍሮ ጣዱ። ሴቶቹም ገብተው ተቀመጡና የሚሉት ጠፋቸው።

«እግዜር ያጥናሽ ይባላል?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ማን ሞቶ?»

«ታዲያ እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት?»

«አፍሽን ያዢና ሕፃኑን ተቀበያት!»

ተቀበለቻት። ሌላዋ ልጅቷን አጥባ አበላቻት። አማቷም መጣች፤ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የማንን እንደሆነ የጠየቃት የለም። አንጓች ግን ተኛች፤ ከወለደች ወዲህ ሳትባንን ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደምለው ከገበያ ሲመለስ ደጁ ላይ ድንኳን አየ። የተሸከመውን ጥሎ «ማን ሞተብኝ!» እያለ መሬት ላይ ወደቀ።

«ተነሥ፤ ማንም አልሞተም» አሉት እማማ ደብሪቱ።

«ድንኳኑስ?»

«እንዳትሞት ነው።»

«ማን?»

«ሚስትህ።»

ደምለው አቧራውን ሳያራግፍ ተነሣ። ድንኳኑን አየ፤ ሴቶቹን አየ። «ታማለች እንዴ? ይኸን ያህል?»

«የሰፈሩን ለቅሶ ሁሉ ስታዳርስ ምን መስሎህ ነበር?»

«ደግ ናት ብዬ» አለ።

ድንኳኑ በር ላይ የቆሙት አቶ ቢሆነኝ መሬት መሬት አዩ። እሳቸውም እንደዚያው ብለው ነበር።

አንጓች በአንድ ቀን አልዳነችም። ሐኪሟ ዘንድ ወራት ተመላለሰች፤ አንዳንዱ ሳምንት ካለፈው የባሰ ነበር። ደምለው በቀጠሮዋ ቀን ሽመናውን ትቶ ልጆቹን ይይዛል። ዕድሩ ደግሞ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሟል፤ ኮሚቴው እስካሁን በቁም ያለ ሰው ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ አልተስማማም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ትናንሽ ልጆች የምታሳድግ እናት «ደህና አይደለሁም» ስትላችሁ የሟች ስም አትጠይቋት። ሕፃኑን ተቀበሏት፤ ከዚያ ወደሚያክማት ሰው አብራችኋት ሂዱ። አንቺም እናት ሆይ፣ ለማልቀስ ሬሳ፣ ለመታከምም የማንንም ይሁንታ አትጠብቂ። ያደረብሽ ክፋት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም።

በየለቅሶው ከባለቤቶቹ አብልጣ የምታለቅሰውን ያቺን ደግ ጎረቤታችሁን ታውቋታላችሁ። ለመሆኑ ከለቅሶው መልስ ቤቷ ድረስ የሸኛት ማን ነው?