ግድግዳ ዞሮ የሚመጣ ምርቃት

ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ሰው ነበር፤ አስናቀ እንበለው። እሱ የቀረጸውን ሚስቱ ሶስና ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ታሳምራለች። ሁለት ኮምፒውተር አላቸው፤ ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ጎን ለጎን።

ታዲያ እነዚህ ባልና ሚስት ከተኳረፉ ሳምንት ሆኗቸዋል። በምን? እሱ በዘመድ ፊት «የእሷ ሥራማ ቁልፍ መጫን ነው» ብሎ ቀለደባት። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእናቷ፣ በወይዘሮ ዘርፌ በኩል ነው። «እማማ፣ ምሳ ደርሷል ወይ በሏት» ይላል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ! አይ የሰው ልጅ!

ትስቃላችሁ አይደል? ቆዩ፣ ገና ነው።

የአንዲት ሙሽራ ሠርግ ደረሰ። አባቷ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ተነሥተው ሊመርቋት አልቻሉም። አስናቀ ጠዋት አልጋቸው ድረስ ሄዶ ምርቃታቸውን ቀረጸ። እያረፉ እያረፉ፣ በደከመ ድምፅ መረቁ። ያ ምርቃት ወደ ሶስና ኮምፒውተር ተሻግሮ፣ ተስተካክሎ፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ መታየት አለበት። ፍላሽ የለም ወይ አትበሉኝ! ፍላሹ ከሌላ ሠርግ ጋር ሄዷል።

ፋይሉን በዋይፋይ ላከው። ትንሽ ሄደና ማዝገም ጀመረ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው፤ ያው ነው። የተከፈተውን ሁሉ ዘጋ፤ ያው ነው። ስልኩ ጮኸ፤ ሙሽራዋ ናት።

«ጋሽ አስናቀ፣ የአባዬ ነገር ደረሰ? ልንወጣ ነው እኮ!»

ስልኩን ዘግቶ ወደ አማቱ ዞረ።

«እማማ፣ በእሷ በኩል ገብቷል ወይ በሏት።»

«እማዬ፣ ምንም አልገባም በይው።»

ይሄ ፋይል በየት ነው የሚሄደው ብሎ ማሰብ ያዘ። ዋይፋዩ የሚመጣው ከግድግዳው ወዲያ፣ ከአከራያቸው ሳሎን ነው። ምርቃቱ ከእሱ ኮምፒውተር ይወጣል፤ ግድግዳውን አልፎ አከራዩ ቤት ይገባል፤ ያንኑ ግድግዳ አልፎ ደግሞ ሶስና ዘንድ ይመለሳል። ለክንድ ርቀት!

«እማማ፣ ገመድ! ገመድ አለ ወይ በሏት!»

ወይዘሮ ዘርፌ ለሶስና እንኳ ሳይነግሩ ወደ ውጭ ሮጡ። ይዘው የተመለሱት ምን መሰላችሁ? የልብስ ማስጫውን ገመድ። የታጠበውን ልብስ ጭቃ ላይ ጥለውት!

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አስናቀ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሳምንት ሙሉ ስሟን አልጠራውም ነበር።

«ሶስና» አለ በመጨረሻ። «የኔትወርኩ ገመድ የት ነው?»

እሷም መሳቢያዋን ሳብ አድርጋ አወጣችው። ለካ እጇ ሥር ነበር!

«አንዱን ጫፍ ስኪልኝ። ሶስና... ያን ቀን አጥፍቻለሁ። ያለ አንቺ ይሄ ሥራ ሥራ አይደለም።»

«መጀመሪያ ፋይሉን ላክ» አለችው። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ሁለቱ ኮምፒውተሮች በቀጥታ ተያያዙ፤ ምርቃቱም ወዲያው ተሻገረ። ሶስና አስተካከለችው፤ ኮምፒውተሯን ይዘው ወደ አዳራሹ ሮጡ። ሙሽራዋ አዳራሹ መሀል ቆማ የአባቷን ድምፅ ሰማች። አባትየው ከሠርጉ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

ወገኖቼ፣ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲባል ተረት ብቻ መሰላችሁ? ያን ቀን የአንድ አባት ምርቃት ሊቀር ነበር እኮ! ገመዱ ደግሞ አልጠፋም። መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያስቀየማችሁትን ወንድም በማን በኩል ነው ሰላም የምትሉት? አንድ አልጋ ላይ እያደራችሁ «ለአባታችሁ ንገሩት»፣ «ለእናታችሁ ንገሯት» የምትሉ የላችሁም? ሽማግሌ አይግባ አላልኩም። ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ሂዱ። በሰው በኩል የላካችሁት ቃል ይዘገያል። አንዳንዱም ሌላ ገመድ ሆኖ ይደርሳል፤ ልብሳችሁንም ጭቃ ላይ ይጥላል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ረጅም ንግግር አታዘጋጁ። ስሟን ጥሩ። ስሙን ጥሩ። እናት አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ «ሰላም በሉልኝ» ብላችሁ ሰው አትላኩ። ገና ድምፃቸው ሳለ ራሳችሁ ሂዱ።