በመዋቅሩ መሠረት የቀረበ ምሳ

አንድ ቀን በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ፍልሰታ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባረፈደበት ጠዋት፣ የጮቄ ጮራ የሕዝብ ማመላለሻ ማኅበር ቦርድ ተሰበሰበ። አጀንዳው ሁለት ነበር። አንደኛው «ሕዝቡ በድረ ገጻችን ለምን ወንበር አይዝም?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ድረ ገጹን የሠራው ልየው ይባረር» የሚል። ሁለቱንም ያስያዙት የማኅበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ አቶ መኳንንት ናቸው። ልየው ጥግ ላይ ካለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስሙ ከመባረር ጋር ተያይዞ ሲነበብ ይሰማል።

ነገሩ ከመሠረቱ እንዲህ ነው። ማኅበሩ ልየውን ሲቀጥረው የሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር። መንገደኛ ዝናብ እየመታው መናኸሪያ ከሚሰለፍ፣ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ወንበር ይያዝ ነው የተባለው። ልየውም እንደታዘዘው አደረገ። የሠራው ገጽ ሲከፈት «ከየት? ወዴት? መቼ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሥሩ «ወንበር ያዝ» የሚል ትልቅ ቁልፍ አለ፤ አለቀ። ልየው ሥራው መልካም መሆኑን በራሱ ዓይን አያምንም፤ ያልለመደ ሰው ሲነካው ማየት አለበት። ስለዚህ ስልኩን ወስዶ ለጎረቤቱ ለአናጢው ሰጠው። አናጢው መጋዙን ሳያስቀምጥ፣ በአንድ እጁ፣ የባሕር ዳር ወንበር ያዘና ስልኩን መለሰለት። ልየው በዚያን ቀን የተሰማውን ደስታ በሠርጉ ቀንም የሚያገኘው አይመስለኝም።

ችግሩ የመጣው አቶ መኳንንት ገጹን ሲያዩት ነው። አቶ መኳንንት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ስለ ቴክኖሎጂ አጭር ሥልጠና ወስደው ከመጡ ወዲህ፣ የማያውቁት ነገር ቢኖር አለማወቃቸውን ብቻ ነው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድረ ገጹ ነዋ ጋሼ።»

«ራዕያችንስ?»

«ራዕይ የለውም ጋሼ፤ ወንበር ነው የሚያስይዘው።»

«ተልዕኳችን፣ እሴቶቻችን፣ የኔ መልዕክት፣ ፎቶዬ? ሥራ አስኪያጁ ሳይገባ ትኬት ቀድሞ ይገባል እንዴ? ሠርግ ቤት እንኳ መቀመጫ በማዕረግ ነው!»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አትጠይቁኝ። የየክፍሉ ኃላፊ ተጠርቶ «የኔ ክፍል የት ይግባ?» ሲል ሰነበተ። ዕቅድና ክትትል ከሰው ኃይል አስተዳደር በላይ ነኝ አለ፤ ሰው ኃይል ኩርፊያ ገባ፤ በሽማግሌ ታረቁ። በመጨረሻ ገጹ እንደ መሥሪያ ቤቱ መዋቅር ከላይ ወደ ታች ተሰደረ። መጀመሪያ አቶ መኳንንት ሪባን ሲቆርጡ የተነሡት ፎቶ ይመጣል። ቀጥሎ መልዕክታቸው፤ እስከ ታች ሳያነቡት አያሳልፍም። ከዚያ ራዕይ፣ ከዚያ ተልዕኮ፣ ከዚያ ክፍሎቹ እንደየማዕረጋቸው። ትኬት የሚቆርጡት ልጆች በመዋቅሩ ላይ ከመዝገብ ቤት በታች ስለሆኑ፣ ትኬቱ «ጠቅላላ አገልግሎት» የሚለው ውስጥ፣ እሱም ውስጥ «ልዩ ልዩ» የሚለው ውስጥ ገባ። አስቡት እንግዲህ፣ በአውቶቡስ ማኅበር ቤት አውቶቡሱ ልዩ ልዩ ሆነ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

ሕዝቡም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ልየው ነገሩ ቢያሳስበው መናኸሪያ ወርዶ፣ ጃንጥላ ይዞ የተሰለፈ አንድ መምህር ጠየቀ።

«መምህር፣ በስልክዎ አይይዙም ነበር?»

«ሞከርኩ እንጂ ወንድሜ። ተልዕኳችሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ልበልልህ? አውቶቡሱን ግን አላገኘሁትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።»

የሰማው ሰልፈኛ ሁሉ ሳቀ። ልየው ግን አፈረ፤ ከማፈርም አልፎ ተቃጠለ። ሰዉ የሚስቅበት ገጽ የሱ ስም ያለበት ገጽ ነዋ። ሄዶ የሰማውን አንድም ሳያስቀር ለአቶ መኳንንት ነገራቸው። እሳቸውም አንድም ሳያስቀሩ ሰምተው፣ ሁለተኛዋን አጀንዳ ጻፉ።

ወደ ስብሰባው እንመለስ። የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ባላቸው ሲሞት አውቶቡሶቹን ተረክበው፣ ሹፌር እየተቆጡ፣ ጎማ እየቆጠቡ ማኅበሩን ያቆሙ ሴት ናቸው። ስልካቸው ለመደወልና ለማንሣት ብቻ የምታገለግል ስለሆነች ድረ ገጽ የሚባለውን ከፍተው አያውቁም። አቶ መኳንንት ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ድረ ገጻችን አንዳች እንከን የለበትም። ሁሉም ነገር በመዋቅሩ መሠረት በቦታው አለ። ችግሩ ተጠቃሚው ነው። ሕዝባችን አልሠለጠነም። ስለዚህ በየወረዳው እየዞርን የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንስጥ። ይህ ልጅ ግን ሕዝቡን እንደ ማስተማር፣ መናኸሪያ እየወረደ ‹ገጹ አስቸጋሪ ነው› እያለ ስማችንን ያጠፋል። ይሰናበትልን።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ጥጉ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ ልጄ?»

«እትዬ፣ ሰው ገጹን የሚከፍተው ቸኩሎ ነው። የሚፈልገውን ፊት ለፊት ካላገኘ ይሄዳል። አውቶቡስ ለመያዝ ሥልጠና ከሚያስፈልግ፣ ገጹን ማቅለል…»

«ይኸው!» አሉ አቶ መኳንንት። «ሰምታችኋል፤ ሥልጠና ይቃወማል!»

የቦርዱ አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥልጠና ክፉ ነገር ነው ብሎ የሚከራከር ማን ይገኛል? ወይዘሮ ጥሩወርቅም ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ እንግዲህ የዚህን ነገር ውስጡን አላውቀው፤ አቶ መኳንንት የሠለጠኑበት ነው። አሁን ቅዳሴ ደርሷል። ከቅዳሴ መልስ እህል ቀምሰን፣ የልጁን ነገር ከምሳ በኋላ እንቆርጣለን» አሉ።

ሁሉም ጃንጥላውን ይዞ ወጣ። ልየው ግን ቀረ። ከቅዳሴ ያስቀረው ጭንቀት ነውና እመቤቴ ትርዳው እንጂ እኔ አልፈርድበትም። እናቱን ለዓይናቸው ሕክምና ከቢቸና አምጥቶ አጠገቡ ካስቀመጠ መንፈቅ አልሞላውም። ሥራው ከሄደ የቤት ኪራዩ ይሄዳል፤ ኪራዩ ከሄደ እናት ሕክምናቸውን አቋርጠው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። ይኼን እያወጣ እያወረደ ሲንጎራደድ፣ ከሠራተኞቹ ክበብ ማዕድ ቤት የሽሮ ሽታ መጣ። ቆመ። ፈገግም አለ።

ማዕድ ቤቱ ውስጥ የክበቡ ባለሙያ እትዬ እንጉዳይ ወጧን ታማስላለች።

«እትዬ፣ ዛሬ ገበታውን እኔ ልሰድረው?»

«አንተ ደግሞ ስለ ገበታ ምን ታውቃለህ?»

«ከምሳ በኋላ ሊያባርሩኝ ነው። አንድ ጊዜ ፍቀጂልኝ፤ ምግቡን አልነካውም፣ ቦታውን ብቻ ነው የማዘዋውረው።»

እንጉዳይ አየችው፣ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ሽሮዬን ካቀዘቀዝክ እነሱ ሳያባርሩህ እኔ አባርርሃለሁ። በል ያዝ» ብላ ድስቶቹን አሳየችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቦርዱ ከቅዳሴ ተመለሰ። ሌሊት የበላው እህል የለ፣ ቀን የቀመሰው ውኃ የለ፣ ላዩ ዝናብ፣ ውስጡ ባዶ። ሽታው ከበር ተቀበላቸው። እጃቸውን ታጥበው ሲገቡ ረጅሙ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር በተከደኑ ድስቶች ተሞልቷል። ጠረጴዛው ራስ ላይ ያለው ድስት ከሁሉ ይበልጣል፤ በጥልፍ ጨርቅም ተሸፍኗል። በየድስቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፏል።

«እንዴት ያለ ሥርዓት ነው!» አሉ አቶ መኳንንት፣ ትልቁ ድስት ላይ «የዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት» የሚለውን አንብበው። ሰሐናቸውን ይዘው ቀረቡ፣ ጨርቁን ገለጡ፣ ክዳኑን አነሡ። ከድስቱ ሥር የገዛ ፎቶግራፋቸው ሪባን እየቆረጠ ፈገግ አለላቸው።

«ይኼ ምን ማለት ነው?»

ሌላው ሁሉ ፊቱ ወዳለው ድስት ተሻምቷል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ «ራዕይ» የሚለውን ከፈቱ፤ ባዶ ነው። «ተልዕኮ» የሚለውን ከፈቱ፤ እሱም ባዶ ነው። አንዱ ሽማግሌ «ዕቅድና ክትትል» የሚለውን ቢከፍቱ፣ ውስጡ «ይህ ድስት በግንባታ ላይ ነው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት አገኙ። ሌላው ሽማግሌ «የሰው ኃይል አስተዳደር» የሚለውን ከፍተው «ወደ መጀመሪያው ድስት ይመለሱ» የሚል አነበቡ። ተመለሱ ምስኪን፤ አቶ መኳንንትን ከነፎቷቸው አገኟቸው። ክዳን ይጋጫል፣ ሆድ ይጮኻል፣ ሽታው ደግሞ ከወዴት እንደሚመጣ ሳይታወቅ አፍንጫ ያሳብዳል። ልየው ግድግዳውን ተደግፎ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ላዩን ሲያዩት እንግዳ ተቀባይ ይመስላል።

በመጨረሻ አቶ መኳንንት ትዕግሥታቸው አለቀ። የያዙትን ክዳን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«አንተ! ሰው ሲርበው እንዲህ ያለ ቀልድ አለ? ምግቡን የት ነው የደበቅኸው?»

ልየው እጅ ነሣ።

«ኧረ ምግቡ አልተደበቀም ጋሼ። ከጥግ፣ ‹ጠቅላላ አገልግሎት› በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ ‹ልዩ ልዩ› በሚለው ድስት፣ ልክ በድረ ገጻችን ላይ እንዳለው ትኬት ተቀምጧል፤ ሁሉም ነገር በመዋቅሩ መሠረት በቦታው አለ። ገበታው አንዳች እንከን የለበትም፤ ችግሩ ተመጋቢው አለመሠልጠኑ ነው። ነገ ጠዋት የግንዛቤ ማስጨበጫ እንሰጣችኋለን፤ ዛሬን እንግዲህ ጦማችሁን እደሩ።»

ቀድመው የሳቁት እኚያ ወደ መጀመሪያው ድስት ይመለሱ የተባሉት ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። አቶ መኳንንት ብቻ ሰሐናቸውን እንደያዙ፣ አንዴ ሣጥኑን፣ አንዴ ልየውን ያያሉ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። «በል አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ሽሮውን ወደ ፊት አውጣልን፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ያንን ትኬት ወደ ፊት ታወጣዋለህ» አሉት። ቀጥለውም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«እርስዎም አቶ መኳንንት፣ ያችን ሁለተኛ አጀንዳ ይሰርዙልኝ። ይኼን ልጅ ካባረርነው ምሳውን ማን ያሳየናል?»