አፉ የታየው የበቅሎ ነጋዴ

አንድ የበቅሎ ነጋዴ ነበረ። አያ ይርዳው፣ «ድዴ ደማ ብዬ ብሄድ ሐኪሟ በስትሮክ ታስፈራራኛለች፤ ድድና ጭንቅላት ምን አገናኛቸው?» ላልከኝ መልሱ እሱ ዘንድ ነው።

ይህ ሰው በቅሎ ሲገዛ እግር አያይ፣ ወገብ አያይ። ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን ያያል። አንዴ ካየ ዕድሜዋን፣ ሕመሟን፣ አያቷ የትኛው ዳገት ላይ እንደተንሸራተተች ሳይቀር ይነግርሃል! «አፏ የታመመ በቅሎ ዳገት ላይ ትጥልሃለች» ይል ነበር። ደግሞ አይዋሽም። የገዛ በቅሎውን «ይቺ አትሆንህም» ብሎ ገዢ የሚመልስ ነጋዴ ከእሱ በቀር ፀሐይ አላየችም።

የራሱ ድድ ግን ያበጠ ነው፤ መፋቂያ ሲነካው ይደማል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መፋቂያውን ጣለ! «እሱ ነው የሚያደማኝ» አለ። ትንፋሹ ከመክፋቱ የተነሳ ዝንብ እንኳ መንገድ ቀይራ ታልፈው ጀመር።

ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ታላቅ ወንድሙ በስትሮክ ግማሽ ጎኑ ከድቶት ሲተኛ፣ ሐኪሙ «የቤተሰቡን የደም ግፊትም ድድም አሳዩ» ብሎ ነበር። ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ «በድድ የሞተ ማን አለ?» ይላታል።

በገበያ ቀን፣ ያቺ ጀግና ሴት ገመዱን ለሽያጭ ካመጧት በቅሎ አንገት ፈትታ ባሏ አንገት ላይ ጣል አደረገችው።

«ይህን እሸጣለሁ! አፉን ሳታዩ ግን እንዳትገዙ!»

«አንቺ ሴት፣ አበድሽ?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ተፎካካሪው ነጋዴ ቀርቦ ከንፈሩን ገለጠ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ወንድሜ፣ እኔስ በነፃም አልወስድህ። አንተ ብትሆን ትገዛ ነበር?»

ስለ በቅሎ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ስለ ራሱ መዋሸት አቃተው።

«አልገዛም» አለ። ገመዱን አንገቱ ላይ እንዳለ ይዞ፣ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

እዚያ ግፊቱ ሰማይ ደርሶ ተገኘ። መድኃኒት ሰጡት፣ ድዱን አጸዱለት፣ «ሳትፍቅ እንዳታድር» አሉት። «ድዱ የታመመ ሁሉ በስትሮክ ይወድቃል ማለታችን አይደለም» አሉት። «ስትሮክ ግን እንዲህ ያለው ሰው ላይ በዝቶ ይታያል። የድዱ ቁስል ወደ ደም ይዘልቃል፣ የደም ሥርንም ያስቆጣል።»

ዛሬ ያ ሰው ዳገቱን ከበቅሎዋ ቀድሞ ይወጣል። ሚስቱም «ይህንንስ አልሸጠውም» ትላለች።

አንተም እንደዚያው ነህ፣ አያ ይርዳው። ድድ የጥርስ ጎረቤት ብቻ መሰለህ። ደምህ ግን አንድ ነው፤ ድድህ ላይ የዋለው ጭንቅላትህ ውስጥ ያድራል። ሐኪሟ አላስፈራራችህም፤ ከንፈርህን ገልጣ ዳገቱን አየችልህ። በል ተነስ፣ ገመዱን እኔ አንገትህ ላይ ሳላስገባው።